ከድምፁ በስተጀርባ ያለው የሥራ ክፍፍል

በአንድ የሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ማን ምን ይሠራል፣ ማንስ ለማን ተጠሪ ነው የሚለው ጥያቄ ለብዙ ዘመን የአስተዳደር ክፍል የፋይል ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሲታይ ቆይቷል። አድማጩ ሕዝብ የሚያውቀው ድምፁን ነው። ዜና አንባቢውን በድምፁ ይለየዋል፤ ይወደዋል ወይም ይሰለቸዋል። ዜናውን የመረጠው፣ ያረመው፣ የተረጎመው፣ ማሰራጫውን በዝናብ መካከል ሲጠብቅ ያደረው ሠራተኛ ግን ስሙም ሥራውም አይታወቅም። ይህ አለመታወቅ የትሕትና ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ማንሣት ባላስፈለገ ነበር። ነገር ግን ሕዝብ የማያውቀውን ኃላፊ ሊጠይቅ አይችልም፤ የማይጠየቅ ኃላፊ ደግሞ ጣቢያውን ቀስ በቀስ የግል ጓዳው እንደሚያደርገው ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። ስለሆነም ጉዳዩ የጣቢያው ሠራተኞች የውስጥ ጉዳይ ሳይሆን የቀበሌው ነዋሪ፣ የቡና ለቃሚው፣ የመፈልፈያ ሠራተኛውና የመምህሩ ጉዳይ ነው።

ነገሩን በደፈናው ከማውራት ይልቅ ወደ አንድ አካባቢ ወርዶ መመልከት ይሻላል። ከአዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሚዛን፣ ከእርሷ በላይ ያለችው ቴፒ፣ ወደ ደቡብ ሲወረድ ደግሞ በተራራ ላይ የተቀመጠችው ማጂ ከኦሞ ሸለቆ ጋር ተያይዘው አንድ ሰፊ የደን፣ የቡናና የከብት አገር ይመሠርታሉ። በዚህ አገር ቤንች፣ ሸኮ፣ ዲዚ፣ ሜኢኒት፣ ሱሪ፣ ሸካ፣ መዠንግርና ሌሎችም ሕዝቦች ይኖራሉ፤ ለቡና ሥራና ለኑሮ ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች መጥተው የተቀመጡትም ብዙ ናቸው። በበበቃና በቴፒ የቡና እርሻዎች የሚሠራው ወዛደር፣ በጓሮው ቡናና ኮረሪማ የሚያለማው ገበሬ፣ በቆላው ከብቱን ተከትሎ የሚንቀሳቀሰው አርብቶ አደር፣ ሁሉም ጆሮ አላቸው። ጥያቄው በየትኛው ቋንቋ፣ በማን ውሳኔና በማን ድካም ወደዚያ ጆሮ ይደረሳል የሚለው ነው።

ጆሮው ባዶ በቀረ ጊዜ ምን እንደሚሆን ይህ ምድር አንድ ጊዜ በከባድ ዋጋ ተምሯል። በ1953 እና በ1954 ዓ.ም በኦሞ ሸለቆና በዙሪያው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የገባው ቢጫ ወባ 100,000 ያህል ሰው አሳሞ 30,000 ያህሉን እንደ ፈጀ ይገመታል። በአፍሪካ ውስጥ ከታዩት የዚህ በሽታ ወረርሽኞች ሁሉ ይህን የሚያህል ጥቂት ነው። የበሽታው ክትባት ግን ከዚያ በፊት ከሃያ ዓመት በላይ የታወቀ ነበር። ሰው በየጎጆው ሲረግፍ የሚሰማውና የሚያሰማው አልነበረም። ማስጠንቀቂያም ሆነ ምክር በራሱ ቋንቋ የሚነግረው ድምፅ አልነበረም። በሽታውን ሬዲዮ ያቆመው ነበር ብለን አንከራከርም፤ ሬዲዮ መርፌ አይወጋም። ነገር ግን ክትባት የያዘው ሰው የት መሄድ እንዳለበት፣ ሕዝቡም ለምን ክንዱን መስጠት እንደሚገባው የሚናገር አካል ከሌለ መርፌውም በሣጥኑ ይቀራል። በኅዳር 2018 ዓ.ም ከኦሞ ማዶ በጂንካ የማርበርግ በሽታ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በተረጋገጠ ጊዜ ይኸው የጥንት ጥያቄ እንደገና ደጅ መታ። በሽተኛን የነካ፣ ሬሳ ያጠበ ሰው ምን ያድርግ? ይህን ለአንዲት የዲዚ ወይም የሱሪ እናት በሚገባት ቃል የሚነግራት የትኛው የጣቢያ ሠራተኛ ነው? የሥራ መደቡስ ምን ይባላል? ደመወዙስ?

በአገራችን የሬዲዮ ሥራ በ1928 ዓ.ም ከአቃቂ ከተጀመረ ወዲህ ረጅም መንገድ ተጉዟል። በዚህ መንገድ ላይ ግን ደቡብ ምዕራቡ አብዛኛውን ጊዜ አድማጭ እንጂ ተናጋሪ አልነበረም። ከመካከለኛው አገር በአጭርና በመካከለኛ ሞገድ የሚመጣውን፣ ኋላም መቱ ላይ ከተተከለው የመካከለኛ ሞገድ ማሰራጫ የሚደርሰውን ድምፅ በባትሪ ሬዲዮ ሲሰማ ኖሯል። ሌሊት ሞገዱ ከሰማይ ላይ ተመልሶ ሩቅ ስለሚሄድ ይሰማል፤ ቀን ይደክማል። የማጂ ሰው ስለ አዲስ አበባ ብዙ ሰማ፤ አዲስ አበባ ስለ ማጂ የሰማችው ግን ጥቂት ነው። ሚዛን ላይ በኤፍ ኤም 104.5 ሜጋኸርዝ የደቡብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ቅርንጫፍ ተቋቁሞ ከአማርኛ ሌላ በአካባቢው ሕዝቦች ቋንቋዎች ማሰራጨት በጀመረ ጊዜ ነገሩ ተለወጠ። እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባው ነገር አለ፤ የተለወጠው የማሰራጫው ቦታ ብቻ አይደለም። የሥራው ዓይነት ተለወጠ። ከማእከል የመጣውን ማስተላለፍ የቴክኒሺያን ሥራ ነው፤ ከአካባቢው አውጥቶ ማሰማት ግን ሪፖርተር፣ አዘጋጅ፣ ተርጓሚ፣ የድምፅ ባለሙያ፣ ሥራ አስኪያጅ የሚፈልግ ሙሉ የሥራ ክፍፍል ነው።

ኅዳር 2014 ዓ.ም የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በይፋ ሲመሠረት፣ ከዚያም በ2015 ዓ.ም ማብቂያ የቀድሞው ደቡብ ክልል ሲያከትም፣ በየቢሮው የንብረትና የሠራተኛ ድልድል ወግ በዛ። ወንበር ተቆጠረ፣ ተሽከርካሪ ተቆጠረ፣ የሥራ መደብ ተቆጠረ። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚዘነጋው አንድ ነገር ነው፤ የሥራ መደብ በመዋቅር ሥዕል ላይ የተሣለ አራት ማዕዘን ሣጥን አይደለም፤ አንድ ሰው ሊጠየቅበት የሚገባ ሥራ ነው።

ከላይ እንጀምር። ሥራ አስኪያጅ ወይም የቅርንጫፍ ጣቢያ ኃላፊ የሚባለው ሰው ሥራ ምንድን ነው? በብዙዎች ዘንድ ያለው አስተሳሰብ እርሱ የድምፁ ሁሉ ጌታ ነው የሚል ነው። ስህተት ነው። የሥራ አስኪያጁ ተግባር ጣቢያው እንዲኖር ማድረግ ነው፤ በጀት ማስፈቀድ፣ ነዳጅ ማቅረብ፣ ሠራተኛ መቅጠርና ማሠልጠን፣ ፈቃድ ማሳደስ፣ ውል መፈረም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከውጭ የሚመጣውን ግፊት በራሱ ደረት መመከት ነው። ዛሬ የትኛው ዜና ይቅደም፣ የትኛው ይቅር የሚለው የዋና አዘጋጁ ሥራ ነው። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ሰው እጅ ሲገቡ ምን እንደሚከተል መገመት አያስቸግርም። ነዳጁን የሚፈቅድለትን የጽሕፈት ቤት ኃላፊ የሚያስቀይም ዜና በእጁ የያዘ ሰው፣ አንድ ዓይኑ በዜናው ላይ፣ ሌላው ዓይኑ በነዳጁ ላይ ይሆናል። ዜናው ይዘገያል፤ ቀጥሎም ያረጃል፤ በመጨረሻም ማንም ሳይከለክለው ይሞታል። እንዲህ ያለውን ሞት በየትኛውም መዝገብ ውስጥ አታገኙትም።

ሌላ መደባለቅም አለ። በየዞኑና በየወረዳው የኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት አለ። የዚህ ጽሕፈት ቤት ሥራ የአስተዳደሩን ቃል ለሕዝብ ማድረስ ነው፤ ሥራው ሕጋዊ ነው፤ አስፈላጊም ነው። የሪፖርተር ሥራ ግን ያንን ቃል ይዞ ወደ ሜዳ መውረድና ከተሠራው ሥራ ጋር ማመሳከር ነው። መንገዱ ተጠገነ ተብሎ መግለጫ ሲወጣ ሪፖርተሩ በመንገዱ ላይ መሄድ አለበት። መግለጫውን ተቀብሎ፣ «ገለጹ» እና «አስታወቁ» ጨምሮ የሚያነብ ከሆነ ጣቢያው ሁለተኛ የኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት ሆነ ማለት ነው። ለአንድ ሥራ ሁለት ደመወዝ መክፈል ለድሃ አገር የሚገባ አይደለም። (እዚህ ላይ ለሪፖርተሩም ማዘን ይገባል፤ መኪናውን የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ መግለጫውን ከሰጠው መሥሪያ ቤት ነው። በሰው መኪና የሄደ በሰው ሰዓት ይመለሳል።)

ዋና አዘጋጁ ከሥራ አስኪያጁ ነጻ ይሁን ስንል ግን ሥራ አስኪያጁ ከተጠያቂነት ነጻ ይሁን ማለታችን እንዳልሆነ ግልጽ መሆን አለበት። የዓለም ታሪክ ይህንን በደም ጽፎታል። በሩዋንዳ በሐምሌ 1985 ዓ.ም ሥርጭት የጀመረው አር ቲ ኤል ኤም የተባለው ጣቢያ፣ ከመጋቢት 1986 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በተካሄደው የዘር ጭፍጨፋ ጊዜ ሰዎችን በስም እየጠራ ለግድያ ሲያነሣሣ ነበር። ከአዋጅ ነጋሪዎቹ አንዱ፣ ዦርዥ ሩጂዩ፣ ጥፋቱን አምኖ በ1992 ዓ.ም 12 ዓመት ተፈረደበት። ፌርዲናንድ ናሂማና ግን ከጣቢያው መሥራቾች አንዱና የበላይ አካል እንጂ የየዕለቱ ተናጋሪ አልነበረም። እርሱም በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ በ1996 ዓ.ም የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፤ በ2000 ዓ.ም በይግባኝ ቅጣቱ ወደ 30 ዓመት ዝቅ ሲል እንኳ አንድ ነገር ጸንቶ ቀረ፤ የበታቾቹ በአየር ላይ ያሰሙትን ቅስቀሳ ለማስቆም ሥልጣን እያለው ባለማስቆሙ በበላይ ኃላፊነቱ ተጠያቂ ነው ተባለ። እንግዲህ «እኔ አላነበብኩትም» ማለት ኃላፊን አያድነውም። «አዝዘውኝ ነው» ማለትም አንባቢውን አላዳነውም።

ይህ ሩቅ አገር ነው የሚል ካለ ወደ ቅርቡ ይመለስ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም በቤንች ሸኮ ዞን በጉራፈርዳ ወረዳ ሰላማዊ ነዋሪዎች በታጠቁ ሰዎች ሲገደሉ፣ ሌሎችም ቤታቸውን ጥለው ሲሸሹ በነበሩበት ቀናት፣ በጫካው ዳር ከአፍ ወደ አፍ የሚሄደው ወሬ ከየትኛውም ማሰራጫ ይፈጥን ነበር። እንዲህ ባሉ ቀናት የአንድ የዜና አዘጋጅ እርሳስ የሚመዝነውን ሌላ መሣሪያ አይመዝነውም። የሟቾችን ማንነት በብሔር ስም መጥራት አለበት ወይስ የለበትም? ያልተረጋገጠ ቁጥር ያንብብ ወይስ ይጠብቅ? ዝም ካለ ወሬው ቦታውን ይይዛል፤ ከቸኮለ እሳቱን ያባብሳል። ይህን ውሳኔ አንድ ሰው ሌሊት በስልክ ትእዛዝ ሊወስነው አይገባም። የኤዲቶሪያል ኮሚቴ የሚባለው ለዚህ ነው፤ አዘጋጁ፣ ሪፖርተሩ፣ አካባቢውን የሚያውቀው ተርጓሚ ተቀምጠው የሚወስኑት፣ ውሳኔውም በቃለ ጉባኤ የሚጻፍበት መድረክ ነው። ቃለ ጉባኤው ለምን ያስፈልጋል ቢሉ፣ ነገ ጥፋት ቢገኝ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እንዲታወቅ፣ ጥፋት ባይኖርም ደግሞ ሠራተኛው ያለ ጥፋቱ እንዳይጠቃ ነው። ያለ ቃለ ጉባኤ የሚወሰን ነገር ሁሉ መጨረሻው በትንሹ ሠራተኛ ጫንቃ ላይ ማረፉን ወዛደሩ ከእኛ የተሻለ ያውቀዋል።

ከሥራ መደቦቹ ሁሉ በዚህ አካባቢ እጅግ የተናቀውና እጅግ የከበደው የተርጓሚ ሥራ ነው። በመዋቅሩ ላይ ከአዘጋጁ በታች፣ ከጸሐፊው ጎን ተቀምጦ ይገኛል። ዜናው በአማርኛ ተጽፎ፣ ታርሞ፣ ተፈርሞ ካለቀ በኋላ ሥርጭት ሊጀመር ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ይሰጠዋል። «ዝም ብለህ መልሰው» ይባላል። እንደ ልብስ ማለት ነው፤ ገልብጦ መስፋት።

ይህ አስተሳሰብ የቋንቋዎቹን ጠባይ ካለማወቅ የመጣ ነው። የቤንች ቋንቋ አምስት የድምፅ ከፍታ ደረጃዎች ያሉት፣ በዚህም በዓለም ቋንቋዎች መካከል ጥቂት ጓደኞች ብቻ ያሉት ቋንቋ ነው፤ ድምፁ ብቻውን ትርጉም ስለሚሸከም በፉጨት እንኳ መልእክት ይተላለፍበታል። ሸኮኛ አራት ደረጃ አለው። ዲዚኛም በድምፅ ከፍታ ትርጉም የሚለይ ቋንቋ ነው። እንግዲህ በወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ የተጻፈ ቃል፣ በአፍ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ሌላ ነገር ይሆናል ማለት ነው። የአማርኛው ፊደል ይህንን ከፍታና ዝቅታ አያሳይም። ስለዚህ ተርጓሚው የጻፈውን ሌላ ሰው አንሥቶ ልምምድ ሳያደርግ ቢያነብበው የመድኃኒት ምክር ወደ ቀልድ፣ የዋጋ ዜና ወደ እንቆቅልሽ ሊለወጥ ይችላል። በአማርኛ «ገና» እና «ገና» የሚባሉትን፣ አንዱ ጠብቆ አንዱ ላልቶ የሚነበቡትን ቃላት እያሰብን ችግሩን በትንሹ ልንገምተው እንችላለን፤ በቤንች ቋንቋ ያው ችግር በየመሥመሩ ይገኛል።

ቃል የሌለውስ ነገር? «የልውውጥ ሥርዓት»፣ «የእሴት ሰንሰለት»፣ «የመመርመሪያ ናሙና» የሚሉት ቃላት በአማርኛውም ከቢሮ የወጡ ናቸው። በ2001 ዓ.ም ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ የዕለቱ ዋጋ ለገበሬው መድረስ አለበት ተብሎ ብዙ ተነግሯል፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን የታጠበና ያልታጠበ፣ ደረጃ ሁለትና ደረጃ አምስት፣ በፈረሱላና በኪሎ የሚሰማው ቁጥር ለአንድ ጀንፈል ሻጭ ገበሬ ምን ይነግረዋል? ዋጋው በአዲስ አበባ የተቆረጠው ተፈልፍሎ ለደረሰ ቡና ነው፤ እርሱ የያዘው ከዛፍ የለቀመውን ቀይ እሸት ወይም በደጁ ያሰጣውን ጀንፈል ነው። ስንት ኪሎ እሸት አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና እንደሚወጣው አስቦ፣ ሂሳቡን ወደ ገበሬው ሚዛን የሚያመጣ ሰው ያስፈልጋል። ያን የሚያደርገው ተርጓሚ ተራ ገልባጭ አይደለም፤ አዘጋጅ ነው። ስለዚህ ማዕረጉም ደመወዙም በኤዲቶሪያል ኮሚቴው ውስጥ ያለው ድምፅም የአዘጋጅ መሆን ይገባዋል። ዜናው አስቀድሞ በዲዚኛ ወይም በሜኢኒትኛ ተዘጋጅቶ ወደ አማርኛ የሚተረጎምበት ቀንም ቢኖር መልካም ነው፤ ወንዙ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲፈስ የወሰነ ማንም የለም።

በ1960ዎቹ መባቻ የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን በታየ ጊዜ ገበሬው ፍሬው ለምን እንደሚጠቁርና እንደሚረግፍ ሳያውቅ ዛፉን ያጣበትን ሁኔታ የሚያስታውሱ አዛውንቶች በየቡናው አገር አሉ። ዛሬ ያንን የመሰለ ነገር ቢመጣ የጅማ የግብርና ምርምር ማእከል ባለሙያ መልስ አለው፤ በመልሱና በገበሬው መካከል ያለው ሰው ግን አሁንም ያው፣ በጣቢያው ጥግ በአንድ ጠረጴዛ ለሦስት ተቀምጦ የሚሠራው ተርጓሚ ነው።

ቀጥሎ ወደ ማሰራጫው እንውጣ። ኤፍ ኤም የሚባለው ሞገድ ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል የሚሠራ ሲሆን ጠባዩ እንደ ብርሃን ነው፤ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ተራራ ሲያገኝ ይቆማል። በሜዳ አገር አንድ ማሰራጫ ሰፊ መሬት ይሸፍናል። በቤንችና በማጂ ተራሮች መካከል ግን በአንዱ ሸንተረር ላይ ጥርት ብሎ የሚሰማው ጣቢያ ከሸንተረሩ ጀርባ ባለው ሸለቆ ፈጽሞ አይሰማም። ስለዚህ «ጣቢያችን ይህን ያህል ሺህ ሕዝብ ይደርሳል» የሚለው የሪፖርት ዐረፍተ ነገር፣ በእግሩ ሄዶ ሬዲዮ ከፍቶ የሚያዳምጥ ሰው እስካላረጋገጠው ድረስ የካርታ ላይ ቀለም ነው። ይህን ማረጋገጥ የቴክኒሺያኑ ሥራ ነው። በየስንት ጣቢያ ለዚህ የውሎ አበል ተመድቦለታል?

ደቡብ ምዕራቡ በአገራችን ብዙ ዝናብ ከሚዘንብባቸው ቦታዎች ግንባር ቀደሙ ነው። እርጥበት ወደ አንቴናው ገመድ ከገባ ወደ ሰማይ መሄድ የነበረበት ኃይል ተመልሶ ወደ ማሰራጫው ይገባል፤ መሣሪያው ራሱን ካልቀነሰ ይቃጠላል። መብረቅ አለ። መብራት ይጠፋል፤ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ከጠፋበት ጊዜ የበለጠ ያጠፋል። ይህን ሁሉ የሚጠብቀው ሰው በኮረብታው ላይ በቆርቆሮ ቤት የሚያድረው ቴክኒሺያንና ከእርሱ ጋር ያለው ጥበቃ ነው። ሥርጭቱ ሲቋረጥ ስማቸው ይጠራል፤ ሳይቋረጥ ዓመቱ ሲያልፍ ማንም አያስታውሳቸውም። በጄኔሬተሩ ነዳጅ ላይ የሚፈርመው በከተማው ውስጥ ያለው የግዥ ክፍል ነው፤ ነዳጁ ሲያልቅ ጨለማ ውስጥ የሚቀመጠው ግን ሌላ ሰው ነው። እንዲህ ያለው አሠራር ቢሮክራሲያዊ ነው ከማለት ውጪ ሌላ ስም የለውም። ለማሰራጫው ጣቢያ የተወሰነ ነዳጅ በቴክኒሺያኑ ፊርማ የሚወጣበት፣ እርሱም በየወሩ የሚያወራርድበት ቀላል ደንብ ቢወጣ ብዙ ደብዳቤ ይቀንሳል።

ስለ ዜና አንባቢው ብዙ አንልም፤ ሕዝቡ ራሱ ያውቀዋል። ዳሪዮስ ሞዲን የመሳሰሉ የኢትዮጵያ ሬዲዮ አንባቢያን ድምፅ በትውልድ ጆሮ የቀረው ከተፈጥሮ ስጦታ ባሻገር ከመነበቡ በፊት ጽሑፉን ስለሚያጠኑት ነው ብንል አንሳሳትም። የሂሳብ ሹሙም፣ የንብረት ክፍሉም እንደ ማንኛውም መሥሪያ ቤት ናቸው። የድምፅ ቤተ መዛግብቱ ግን እንደ ማንኛውም መሥሪያ ቤት አይደለም። የአንድ ሽማግሌ የዲዚኛ ትረካ፣ የሜኢኒት የዕርቅ ሥርዓት አንድ ጊዜ ተቀርጾ ቦታ ጠበበ ተብሎ በላዩ ላይ ማስታወቂያ ቢቀረጽበት ሽማግሌውን ዳግም ማግኘት አይቻልም። ለዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚመደበው ከሌላ ክፍል የተገፋ ሠራተኛ መሆኑ ያሳዝናል።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ ለመጨረሻ የቀረው ቀላል ስለሆነ አይደለም። በ1999 ዓ.ም የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533፣ ኋላም በ2013 ዓ.ም የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 የብሮድካስት አገልግሎትን የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ እያሉ ለይተውታል። ልዩነቱ በማይክሮፎኑ ላይ አይደለም፤ ሥራ አስኪያጁን በሚቀጥረውና በሚያሰናብተው አካል ላይ ነው። በንግዱ ጣቢያ ባለ ገንዘቡ ነው። በሕዝቡ ጣቢያ በሕግ የተቋቋመው ቦርድ ነው። በማኅበረሰቡ ጣቢያ ግን፣ ኮሬና ከምባታ ላይ እንደ ተቋቋሙት ባሉት፣ ባለቤቱ ራሱ አድማጩ ነው፤ ስለዚህም ቅጥሩም ወጪውም በፈቃደኛ አገልጋዩና በመዋጮው ላይ ይመሠረታል። የማጂ ሕዝብ ነገ የራሱን የማኅበረሰብ ጣቢያ ልክፈት ቢል መጀመሪያ መመለስ ያለበት ማሰራጫው ስንት ዋት ይሁን የሚለውን አይደለም፤ ሥራ አስኪያጁን ማን ይሻረዋል የሚለውን ነው።

መዋጮ ሲባል የሚስቅ አለ። የቦሊቪያ የቆርቆሮ ማዕድን ወዛደሮች ግን አልሳቁም። ከ1940 ዓ.ም አካባቢ ጀምሮ ከደመወዛቸው እየቆረጡ በየማዕድኑ መንደር የራሳቸውን ሬዲዮ ጣቢያ አቋቋሙ፤ «የማዕድን ሠራተኛው ድምፅ» የሚባለው ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ተናጋሪውም፣ የጣቢያው ኃላፊም ተጠሪነታቸው ለማኅበሩ ጉባኤ ነበር። በሐምሌ 1972 ዓ.ም በአገሪቱ ወታደራዊ የመንግሥት ግልበጣ ሲደረግ፣ የዋና ከተማው ጣቢያዎች ከተያዙ በኋላ እነዚህ ትንንሽ ጣቢያዎች በሰንሰለት ተያይዘው አንዱ የሌላውን ድምፅ እየተቀበለ ለቀናት ሲያሰሙ ቆዩ፤ ጦሩ አንድ በአንድ እስኪደርስባቸው ድረስ። የበበቃ ወይም የቴፒ ቡና ለቃሚ እንደዚያ ያድርግ ማለታችን አይደለም፤ የለቃሚው የቀን ገቢ ምን ያህል እንደሆነ እናውቃለን። ነገር ግን ከወዛደሩ ኪስ አንዲት ሳንቲም የተቀበለ ጣቢያ ወዛደሩ ስለ ሚዛን ማጭበርበር ሲናገር ማይክሮፎኑን ለመዝጋት ይቸገራል። ገቢው ሁሉ ከአንድ እርሻ ማስታወቂያ ወይም ከአንድ ቢሮ የአየር ሰዓት ግዥ የሆነ ጣቢያ ግን ያን ያህል አይቸገርም።

የቀበሌ ነዋሪዎችስ ከዚህ ሁሉ ምን ያድርጉ? ስብሰባ መጥራት የለመደ ነው፤ አጀንዳውም ብዙ ጊዜ ከላይ የተላከ ነው። ለአንድ ጊዜ ከታች ይምጣ። የጣቢያው ኃላፊና ዋና አዘጋጁ በየሦስት ወሩ በአንድ ቀበሌ አዳራሽ ቀርበው፣ ያሰራጩትን ሳይሆን ያላሰራጩትን እንዲያስረዱ ይጠየቁ። ባለፉት ሦስት ወራት ከየወረዳው ስንት ዜና መጣ? ከማጂ ስንት? ከሱርማ ስንት? በሱሪ ቋንቋ የተነበበውን ማን አረመው? ስንት ቀን መብራት ጠፋ፣ ስንት ሊትር ነዳጅ ወጣ? ተርጓሚዎቹ ስንት ናቸው፣ ደመወዛቸውስ ከአዘጋጁ ጋር ሲነጻጸር? የተሰብሳቢው ጥያቄ በጣቢያው ተቀርጾ፣ ሳይቆረጥ፣ መልሱም እንደ ተሰጠ፣ በዚያው ሳምንት በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በተሰብሳቢው ቋንቋ ይሰማ። ተርጓሚው ደግሞ ጽሑፉ ሥርጭት ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሳይሆን ከዋዜማው ይሰጠው።